መቻል ካፕሱሉን እየተፋብኝ ነው፤ 28 ቀን እንዴት ልዝለቀው?

የመቻል_እህት (አራት ኪሎ) — መጋቢት 2፣ ማታ 2:40

ሰላም ለሁላችሁም። ምክር ፈልጌ ነው የመጣሁት። ትንሽ ስለሚረዝም ታገሱኝ።

ውሻችን መቻል ይባላል። ስሙን ያወጣችለት አያቴ ናት። ስድስት ዓመቱ ነው፤ ቀይ የሐበሻ ውሻ። ባለፈው ሳምንት ምግብ አልበላም ብሎ ከቤቱ ሳይወጣ ዋለ። በማግሥቱ ጠዋት ውኃ ልቀይርለት ስሄድ የሚተኛበት ጆንያ ላይ ደም አየሁ። ከአፍንጫው ነበር የሚፈሰው። ወንድሜ ተሸክሞት በላዳ ወሰድነው።

ደሙ ተመረመረ። ኤርሊኪያ ነው አሉን። መዥገር የሚያስተላልፈው በሽታ ነው። ደም እንዲረጋ የሚያደርገው የደሙ ሕዋስ (ፕላትሌት) ወርዷል፣ ድዱም ነጥቷል። ዶክሲሳይክሊን የሚባል አንቲባዮቲክ፣ 100 ሚሊግራም፣ ታዘዘለት። ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ፣ ለ28 ቀን። 56 ካፕሱል ማለት ነው።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት አቅም ስላልነበረው አፉን ከፍቼ ስከትለት ዋጠ። ከትናንት ጀምሮ ግን ትንሽ ነፍስ ዘራና እምቢ አለ። ጥርሱን ግጥም ያደርጋል። ትናንት ማታ የዋጠ መስሎኝ አሻሽቼው ገባሁ። ዛሬ ጠዋት ካፕሱሉን ከውኃ ሳህኑ ጀርባ አገኘሁት። ግማሹ ቀልጦ ቢጫው ዱቄት ሲሚንቶው ላይ ተለጥፏል። ለካ በጉንጩ ይዞት ቆይቶ እኔ ዞር ስል ነው የተፋው። ከዚያ በእንጀራ ጠቅልዬ፣ ወጥ ቀባ አድርጌ ሰጠሁት። እንጀራውን በላ፣ ካፕሱሉን ለይቶ አስቀመጠው።

ዛሬ ማታ ደግሞ አፉን ልከፍት ስል አጉረመረመብኝ። በስድስት ዓመት አንድ ቀን እንኳ ጥርሱን አሳይቶኝ አያውቅም። ደረጃው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ገና 24 ቀን ይቀረናል። ምን ላድርግ?

ካዛንቺስ_ያደግኩ — መጋቢት 2፣ ማታ 3:05

እግዜር ይማርልሽ እህቴ። አይዞሽ፣ ሁላችንም ያለፍንበት ነው።

እኔ በአይብ ነው የምሰጠው። አይቡን በጣትሽ ጠቅጠቅ አድርገሽ ካፕሱሉን መሃል ላይ ቅበሪው፣ ከዚያ አድበልብዪው። ለስላሳ ስለሆነ ሳያኝክ ይውጠዋል። ልሞ የወጣ አይብ ከሆነ ደግሞ ካፕሱሉ ላይ በደንብ ይጣበቃል። የእኛዋ ሁለት ጊዜ የትል መድኃኒት የወሰደችው በዚህ ነው።

ፒያሳ_ዳቦ — መጋቢት 2፣ ማታ 3:30

አንድ ነገር ልጨምርልሽ። በምንም ምግብ ደብቂው፣ ዋናው ቅደም ተከተሉ ነው።

ሦስት ትንንሽ ድብልብል አዘጋጂ። የመጀመሪያው ባዶ ነው። ያሸተዋል፣ ይፈትሸዋል፣ ምንም እንደሌለው አይቶ ይበላል። ሁለተኛው ውስጥ መድኃኒቱ አለ። ሦስተኛውን በሌላ እጅሽ አፍንጫው ሥር ያዢለት። ሦስተኛው እንዳያመልጠው ብሎ ሁለተኛውን ሳያኝክ ይውጠዋል። ፍጥነት ያስፈልገዋል። ሁለተኛውን ሰጥተሽ ቆመሽ ካየሽው ይጠረጥራል።

ሌላው ሽታ ነው። ካፕሱሉን በነካሽበት ጣት ድብልብሉን አታሽው። እኔ ካፕሱሉን በማንኪያ ጫፍ ነው የማስገባው። እኛ የማይሸተንን እሱ ከበር ነው የሚሸተው።

የመቻል_እህት — መጋቢት 3፣ ጠዋት 1:50

ተሳካ! ወንድሜ ማታውኑ አይብ ከሱቅ ገዝቶ አመጣ። የፒያሳን ቅደም ተከተል ተከተልኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አፉን በባትሪ አየሁት፣ የለም። ከውኃ ሳህኑ ጀርባም የለም። እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ዛሬ ትንፋሼ መለስ አለ።

ቬት_ከቢሾፍቱ — መጋቢት 3፣ ቀን 6:20

ደስታሽን ላቋርጥ አልፈልግም ነበር። ግን ይህን ሳልነግርሽ መቅረት አልችልም። እኔ የእንስሳት ሐኪም ነኝ፣ የተማርኩትም ቢሾፍቱ ነው። መቻልን ስላላየሁት የምነግርሽን ላዘዘለት ሐኪም ደውለሽ አረጋግጪ።

አይቡን ተዪው። አይብ፣ ወተት፣ እርጎ ውስጥ ካልሲየም አለ። ካልሲየም ከዶክሲሳይክሊን ጋር ሆድ ውስጥ ይጣበቅና ወደ ደም የሚገባውን መጠን ይቀንሰዋል። ለሌላ መድኃኒት፣ ለምሳሌ ለብዙዎቹ የትል ኪኒኖች፣ አይብ ችግር የለውም። ካዛንቺስ ያለው ለዚያ ትክክል ነው። ለዚህ መድኃኒት ግን ውሻው ካፕሱሉን ውጦም በሙሉ ላይሠራለት ይችላል። ደም ማነስ አለበት ተብሎ የብረት ሽሮፕ ተሰጥቶት ከሆነም እንደዚሁ ነው። ሰዓቱን አራርቂ፤ ስንት ሰዓት የሚለውን ሐኪሙ ይነግርሻል።

ሁለተኛ፣ ወጡን ተዪው። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ይሰብራል። የእኛ ወጥ ደግሞ መሠረቱ ሽንኩርት ነው። ሽሮም ቢሆን ዱቄቱ ራሱ ነጭ ሽንኩርት ገብቶበት ይፈጫል፤ ንጥር ቅቤም እንደዚሁ። ድዱ ነጥቷል ብለሽኛል። ደም ያነሰው ውሻ ላይ ሽንኩርት መጨመር ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ አንድ ጥያቄ አለኝ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት አፉን ከፍተሽ ስትሰጪው ከኋላው ውኃ አጠጥተሽው ነበር?

ካዛንቺስ_ያደግኩ — መጋቢት 3፣ ቀን 6:45

እህቴ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። የመድኃኒቱን ስም ጽፈሽው ነበር፣ እኔ ሳላስተውል አለፍኩት። ዶክተር፣ እናመሰግናለን። ይህን እኔም አላውቅም ነበር።

አባ_ሬክስ (ስድስት ኪሎ) — መጋቢት 3፣ ቀን 8:10

ዶክተር፣ አንድ ነገር ይፈቀድልኝ። እኔ በ1960ዎቹ ከወላጆቼ ቤት ጀምሮ ውሻ ሳሳድግ የኖርኩ ሰው ነኝ። በእኛ ጊዜ ውሻ የሚበላው የቤቱን ትርፍራፊ ነው። ወጥ የነካው እንጀራ፣ የሽሮ ድስት ፍቅፋቂ። ሽንኩርት የገደለው ውሻ አላየሁም። ሰውን ማስፈራራት እንዳይሆን ብዬ ነው።

ቬት_ከቢሾፍቱ — መጋቢት 3፣ ቀን 9:00

አባቴ፣ ጥያቄዎ ተገቢ ነው። ክሊኒክ ውስጥም በየቀኑ የምሰማው ነው።

ሽንኩርት እንደ መርዝ ወዲያው አይጥልም። ጉዳቱ የሚታየው ከጥቂት ቀናት በኋላ ነው። ውሻው ይደክማል፣ ድዱ ይነጣል፣ ሽንቱ ይጠቁራል። ያን ጊዜ ሰው ሽንኩርቱን አያስታውሰውም። ትንሽ ትንሹም በየቀኑ ሲበላ ይጠራቀማል። ጤነኛና ትልቅ ውሻ ጥቂት ወጥ የነካው እንጀራ በልቶ ምንም ሳይታይበት ሊኖር ይችላል፤ ያዩትም ይኼንን ይመስለኛል። መቻል ግን ደሙ በበሽታ የተጎዳ ነው፤ ለእሱ ነው አጥብቄ የተናገርኩት።

አባ_ሬክስ — መጋቢት 3፣ ቀን 9:25

ገባኝ። ሁለት ውሾቼ በሽታቸው ሳይታወቅ ነው የሞቱብኝ። ድዳቸውን ገልጬ አይቼ አላውቅም። ከዛሬ ጀምሮ አያለሁ።

የመቻል_እህት — መጋቢት 3፣ ማታ 1:30

ዶክተር፣ ውኃ አላጠጣሁትም። በደረቁ ነበር የምሰጠው። አፉን ከፍቼ ምላሱ ሥር አስቀምጬ አፉን ዘግቼ ጉሮሮውን አሻሸዋለሁ፣ በቃ። አሁን ሲጠይቁኝ ትዝ አለኝ። ከዋጠ በኋላ አንገቱን ወደ ፊት ይሰግግ ነበር። ደጋግሞ ይውጣል፣ ከንፈሩን ይልሳል፣ ምንም ሳይኖር። ጠዋት ጠዋት ቁርሱን የማይበላው በበሽታው ይመስለኝ ነበር።

ቬት_ከቢሾፍቱ — መጋቢት 3፣ ማታ 2:15

እሱን ነበር የፈራሁት። የዶክሲሳይክሊን ካፕሱል በደረቁ ሲሰጥ ጉሮሮ ላይ ተጣብቆ ሊቀር ይችላል። እዚያው ሲሟሟ ያቃጥላል። ሲብስ ጉሮሮውን አቁስሎ ጠባሳ ያስቀራል፣ ጉሮሮው ይጠባል። ለሰውም ቢሆን በብዙ ውኃ ዋጥ፣ ወዲያው አትተኛ የሚባለው ለዚህ ነው።

እንግዲህ በመቻል ቦታ ሁኚና አስቢው። ሁለት ቀን እህቱ አፉን ከፍታ የሚያቃጥል ነገር ከተተችበት። በሦስተኛው ቀን አቅም አገኘና አፉን ዘጋ። ያጉረመረመው ጠልቶሽ አይደለም፣ አሞት ነው። ነገ ሐኪሙ ጋ ደውለሽ ይህን ንገሪው። ምግብ ሲውጥ የሚያመው ከሆነ፣ ካስመለሰው ወይም ምራቁ ከበዛ ይዘሽው ሂጂ።

እስከዚያ በባዶ ሆዱ አትስጪው፤ መጀመሪያ ትንሽ ምግብ ይቅመስ። ካፕሱሉ በምግብ ተጠቅልሎ ይግባ፣ ከኋላው ደግሞ ሌላ ጉርሻ ይከተል። ከዚያ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሊትር ውኃ ቀስ እያልሽ በጉንጩ በኩል አጠጪው። አፉን ሰቅለሽ አታፍስሺበት፣ ወደ ሳንባው ይገባል። አንገቱ እንደ ወትሮው ሆኖ፣ በጥርሱና በጉንጩ መካከል ባለው ኪስ ጠብ ጠብ አድርጊለት። እሱ ራሱ እየላሰ ይውጠዋል።

ካፕሱሉን ከፍቶ ዱቄቱን መበተን የሚል ምክር ከመጣም ሐኪምሽን ሳትጠይቂ አታድርጊው። በጣም ይመራል። አንዴ ምግቡ ከመረረው ያንን ምግብ ዳግም አያምነውም።

ክብደቱስ ስንት ነው? መጠኑ ልክ መሆኑን እንይ።

የመቻል_እህት — መጋቢት 4፣ ቀን 7:00

ሐኪሙ ጋ ደወልኩ። ዶክተር ያሉትን ሁሉ ደገመልኝ። ምግብ እስከበላ ድረስ ቀጥሉ፣ የጉሮሮው ነገር ካልተሻለው አምጡት አለ።

ክብደቱን ዛሬ አወቅነው። አራት ኪሎ አደባባይ አካባቢ አስፋልት ዳር ሚዛን ይዞ የሚቀመጠው ልጅ ጋ ሄድን። ወንድሜ መጀመሪያ ብቻውን ቆመ፣ 61 ኪሎ። ከዚያ መቻልን አቅፎት ቆመ። መቻል እግሩ ተንጠልጥሎ ሰዉን ያያል። 81 ተኩል። ልጁ የአንድ ሰው ብቻ ነው የማስከፍላችሁ አለን። 20 ኪሎ ተኩል ማለት ነው።

የቸገረኝ አሁን ምግቡ ነው። ሁዳዴ ነው፣ ቤታችን ሥጋ አይገባም። ሰፈራችን ያለው ሥጋ ቤት እስከ ፋሲካ ዘግቷል።

ቬት_ከቢሾፍቱ — መጋቢት 4፣ ቀን 7:40

100 ሚሊግራም በቀን ሁለት ጊዜ ለ20 ኪሎ ልክ ነው። ለአንድ ኪሎ 5 ሚሊግራም ገደማ ይደርሰዋል።

እ_መርካቶ — መጋቢት 4፣ ቀን 8:05

አላህ ያሽርልሽ። ሥጋውን በተመለከተ፣ የሙስሊም ሥጋ ቤቶች በሁዳዴም ክፍት ናቸው። ወደ መርካቶ ብቅ ካልሽ ታገኛለሽ። ጉበት ጠይቂ። ሩብ ኪሎ ለብዙ ቀን ይበቃሻል። ትንሽ ውኃ አድርገሽ ያለ ጨው፣ ያለ ምንም ቀቅዪው። ሲበርድ የባቄላ ፍሬ እያሳከልሽ ቁረጪና በየቀኑ ከፋፍለሽ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጪ። ጉበት ሽታው ኃይለኛ ስለሆነ የመድኃኒቱን ሽታ ይሸፍነዋል። መሃሉን በቢላ ጫፍ ሰንጠቅ ታደርጊና ካፕሱሉን ታስገቢያለሽ።

የእኔ ችግር ሌላ ነበር። ግቢ የሚጠብቅ ውሻ አለን። የውሻ ለሀጭ ሲነካን በሃይማኖታችን ብዙ መታጠብ አለብን፣ ሶላትም አለ። ስለዚህ አፉን ከፍቼ መስጠት ለእኔ አይሆንም። ረጅም እጀታ ባለው የእንጨት ማንኪያ ነው የምሰጠው። ማንኪያውና ሳህኑ የእሱ ብቻ ናቸው፣ ውጪ ነው የሚቀመጡት። ማንኪያው ላይ ጉበቱን አድርጌ አቀርብለታለሁ፣ ልሶ ይወስዳል። ሁለት ዓመት እንዲህ ነው የኖርነው። እጃችሁን አስገቡ የሚባል ምክር ሲበዛ የሚጨነቅ ሰው ካለ፣ ያለ እጅም ይቻላል ለማለት ነው።

ቬት_ከቢሾፍቱ — መጋቢት 4፣ ቀን 8:30

እ_መርካቶ፣ ግሩም ነው። ጉበቱ በደንብ ይብሰል፤ ጥሬውን አትስጡ። በበግና በከብት ጉበትና ሳንባ ላይ የሚገኙት ውኃ የቋጠሩ እብጠቶች ውሻ ውስጥ ትል ይሆናሉ። የትሉ እንቁላል ደግሞ ከውሻው ወደ ልጆቻችን ይተላለፋል። ጉበት ብዙ ሲበላም አይመከርም፤ መድኃኒት መደበቂያ ያህል ብቻ ይሁን።

ሥጋ ለማይፈልግ ቤት የተቀቀለ ድንች አለ፣ ሙዝ አለ፣ የለውዝ ቅቤም አለ። የለውዝ ቅቤው ላይ ዛይሊቶል የሚባል ማጣፈጫ አለመኖሩን ቆርቆሮው ላይ አንብቡ። እሱ ለውሻ አደገኛ ነው።

የመቻል_እህት — መጋቢት 5፣ ጠዋት 2:00

ለአያቴ እንዴት እንደምነግራት ጨንቆኝ ነበር። ጉበት ልታስገቢ ነው ወይ ትለኛለች ብዬ። ሳስረዳት ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ «እሱ አልጾመም፣ ቀቅዪለት» አለችኝ። ድስቱን ራሷ መርጣ ሰጠችኝ፤ የድሮ፣ ጆሮው የተሰበረ ድስት። የመቻል ይሁን አለች።

ዛሬ ጠዋት በጉበት፣ በሦስት ጉርሻ። ከኋላው ውኃ በሲሪንጅ። ሲሪንጁን ሲያይ መጀመሪያ ሸሸ። ጫፉን የጉበቱ መረቅ ነከር አደረግኩት፣ ላሰው። አንገቱን አልሰገገም።

ልደታ_ኮንዶ — መጋቢት 5፣ ቀን 5:15

ሰላም፣ ከእናንተ ብዙ እየተማርኩ ነው። እኔ ደግሞ የአራት ወር ቡችላ አለችኝ። ተቅማጥ ይዟት የሜትሮኒዳዞል ሽሮፕ ታዘዘላት። ስሰጣት አረፋ በአረፋ ትሆናለች። ለሀጯ ደረቷ ድረስ ይወርዳል። ተመርዛ ይሆን ብዬ ሌሊት ስቀመጥ አደርኩ።

ቬት_ከቢሾፍቱ — መጋቢት 5፣ ቀን 6:00

አይዞሽ፣ ሜትሮኒዳዞል ከመራሮቹ ሁሉ የሚመር ነው። ምላሷ ላይ ሲያርፍ አረፋ ታደርጋለች፤ ብዙውን ጊዜ ከምሬቱ ነው። ካላቆመ ወይም ከተንገዳገደች ግን ደውይ። ምላሷ ላይ አታድርጊው፣ ወደ ጉንጯ ኋላ በጥቂት በጥቂቱ አድርጊ። ከምግብ ጋር ስጫት። ከሰጠሻት በኋላ የምትወደውን ነገር ወዲያው አስልሻት።

ጊዮርጊስ_ጀርባ — መጋቢት 7፣ ማታ 12:20

ቸኩዬ ነው የምጽፈው። በራችን ላይ የምናበላው የሰፈር ውሻ አለ። ባለቤቶቹ ሰፈሩ ሲነሳ ትተውት ሄደው ነው። ከትናንት ጀምሮ አፉ ተከፍቶ ቀርቷል። ለሀጩ ይዝረከረካል፣ ውኃ ሊጠጣ ይሞክርና ያቅተዋል። አጥንት የተሰነቀረበት ይመስለኛል። እናንተ በጻፋችሁት መንገድ አፉን ከፍቼ ላየውና የሕመም ኪኒን ልሰጠው ነው። ፓራሲታሞል ቤት አለ። ስንት ልስጠው?

ቬት_ከቢሾፍቱ — መጋቢት 7፣ ማታ 12:24

አትንካው! እባክህ እጅህን አፉ ውስጥ እንዳታስገባ። መንጋጋው ተንጠልጥሎ፣ ለሀጩ እየወረደ፣ መዋጥ ያቃተው ውሻ የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ይችላል። በትክክል አጥንት የተሰነቀረበት ነው የሚመስለው፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። የሚናከስና የሚሮጥ ብቻ አይደለም። ይህም አንዱ መልኩ ነው። ልጆችን አርቅ። በሩን ዝጋና ለወረዳው ወይም ለእንስሳት ሐኪም ደውል።

በዚህ ሁለት ቀን ውስጥ አፉን ወይም ለሀጩን የነካ ሰው አለ?

ፓራሲታሞልን ለማንም ውሻ በራሳችሁ አትስጡ። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌንም እንደዚያው። ጉበት፣ ኩላሊት፣ ጨጓራ ያበላሻሉ።

ጊዮርጊስ_ጀርባ — መጋቢት 7፣ ማታ 12:31

እኔ አልነካሁትም። የጎረቤት ልጅ ግን ጠዋት አፉን በጨርቅ ሲጠርግለት አይቻለሁ። ዘጠኝ ዓመቱ ነው። እጁ ላይ የተላጠ ነገር አለ።

ቬት_ከቢሾፍቱ — መጋቢት 7፣ ማታ 12:33

አሁኑኑ እጁን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ ይታጠብ። ሰዓት ያዙ። ከዚያ ዛሬውኑ ወደ ጤና ተቋም ይሂድ፣ ነገ አትበሉ። የሆነውን በግልጽ ተናገሩ። ምልክቱ ሰው ላይ ከታየ በኋላ የሚያድን ሕክምና የለም ማለት ይቻላል። ምልክቱ ሳይታይ በጊዜ የተሰጠ ክትባት ግን ያድናል። ፈረንሳዊው ሳይንቲስት ሉዊ ፓስተር ይህን ክትባት ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው የሰጠው በ1885 እ.ኤ.አ. ነው። እዚህ ከተማችንም ሰው «ፓስተር» እያለ የሚጠራው የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ለዓመታት ይህንኑ ሥራ ሲሠራ የኖረ ነው።

ጊዮርጊስ_ጀርባ — መጋቢት 8፣ ጠዋት 3:10

ማታውኑ ሄድን። እናቱ በውስጥ ልብስ ላይ ነጠላ ጣል አድርጋ ነው የወጣችው። ልጁ ክትባት ጀመረ፣ የሚመለስባቸውን ቀናት ጽፈው ሰጡን። ውሻው ሌሊት በራችን ላይ ሞቷል። ማንም አልነካውም፣ የወረዳ ሰዎች በጓንት አነሱት። ሦስት ዓመት ያበላሁት ውሻ ነው። ጠዋት ሳህኑን አቃጠልኩት። ዶክተር፣ ሰባት ደቂቃ ሳይሞላ ስለመለሱልኝ ምን ብዬ እንደማመሰግንዎ አላውቅም።

ፒያሳ_ዳቦ — መጋቢት 8፣ ጠዋት 3:40

እግዚአብሔር ልጁን ይጠብቅልን። ውሻ ያለን ሰዎች የክትባት ደብተራችንን ዛሬ አውጥተን እንይ። እኔ አየሁ፣ ሁለት ወር አልፎብናል። ቅዳሜ እወስደዋለሁ።

አባ_ሬክስ — መጋቢት 9፣ ማታ 2:00

ስለ ረጅም ጊዜ መድኃኒት ጥቂት ልበል። ሬክስ የሚጥል በሽታ አለበት። ፌኖባርቢታል በየ12 ሰዓቱ ይወስዳል። አራተኛ ዓመቱ ነው። ይህ መድኃኒት በድንገት አይቋረጥም፤ ከተቋረጠ መንፈራገጡ ብሶ ይመለሳል። ስለዚህ እምቢ አለኝ ብሎ መተው የለም።

እኔ መስጠት አቅቶኝ ነበር። እጄ ይንቀጠቀጣል። የሚሰጠው ዘበኛችን ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ከሌሊት ተረኛነቱ ከመውጣቱ በፊት ዳቦና ሻይ ይቀርብለታል። ዳቦውን ቆርሶ ለራሱ ይጎርሳል፣ ለሬክስ ያጎርሳል። ኪኒኑ ያለው በሁለተኛው ቁራሽ ውስጥ ነው። ማታ 12 ሰዓት ሲገባም እንዲሁ። ሬክስ ከእኔ እጅ እምቢ ያለውን ከእሱ እጅ ይወስዳል። አብረው ስለሚበሉ ይመስለኛል። ያንቺም መቻል አብሮሽ ቢበላ ጥሩ ነው ልጄ። መድኃኒት በሌለበት ሰዓትም እየሄድሽ በእጅሽ አጉርሺው። እጅሽ ሲመጣ ሁልጊዜ መድኃኒት የሚመጣ እንዳይመስለው።

የመቻል_እህት — መጋቢት 11፣ ማታ 1:45

አባቴ፣ ምክርዎ በጊዜው ነው የደረሰኝ። ትናንት ማታ መቻል ጉበቱንም እምቢ ብሎኝ ነበር። ሳየው ለካ የሚሸሸው ገና ኩሽና እያለሁ ነው። ካፕሱሉን ከማሸጊያው ስገፋው «ቀጭ» የሚለውን ድምፅ ለምዶታል። ከግቢው ጫፍ ሆኖ ይሰማዋል።

ዛሬ ባዶውን ማሸጊያ ይዤ ወጣሁ። አጠገቡ ተቀምጬ ቀጭ ቀጭ አደረግኩና ጉበት ብቻ አጎረስኩት። አሥር ጊዜ ያህል። ከሰዓት እንደገና። መድኃኒቱን ግን ቤት ውስጥ በሬዲዮ ድምፅ ፈልቅቄ ነው ያወጣሁት። ማታ ላይ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት አልኩ፣ ወሰደው።

ካዛንቺስ_ያደግኩ — መጋቢት 11፣ ማታ 2:10

ይሄን እኔም ለጥፍር መቁረጫው ልሞክረው ነው። መሳቢያው ሲከፈት አልጋ ሥር ነው የምትገባው።

ቬት_ከቢሾፍቱ — መጋቢት 11፣ ማታ 2:30

ጎበዝ። አንዱ የመድኃኒት ሰዓት ካመለጠሽ ስታስታውሺ ስጪው። የሚቀጥለው ከደረሰ ግን ያለፈውን ተዪው፣ ሁለቱን አንድ ላይ አትስጪ። ደግሞም ተሻለው ብለሽ በ15ኛው ቀን እንዳታቆሚ። ኤርሊኪያ ተደብቆ የመቅረት ጠባይ አለው።

የመቻል_እህት — መጋቢት 27፣ ቀን 5:30

ትናንት ማታ የመጨረሻውን ወሰደ። መሃል ላይ የተፋውን ሐኪሙ በሌላ እንድተካው ነግሮኝ ሁለት ፍሬ ጨምሬ ገዝቼ ነበር። ዛሬ ጠዋት ደሙ ታየ። ፕላትሌቱ ወደ ልኩ ተመልሷል። ድዱን ገልጬ አየሁት፣ ሮዝ ነው። ከሁለት ወር በኋላ እንደገና ይታያል ተብለናል።

የቀረን የመዥገሩ ሥራ ነው። ሐኪሙ መዥገሩ የሚራባው ውሻው ላይ ብቻ አይደለም፣ ግድግዳና ድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ እንቁላሉን ይጥላል አለን። ወንድሜ የአጥሩን ስንጥቅ በሲሚንቶ እየደፈነ ነው። የመቻልን አሮጌ ጆንያ አውጥተን አቃጠልነው፣ አያቴ በምትኩ ቡሉኮዋን ቀድዳ ሰጠችው። የሚቀባው የመዥገር መድኃኒትም ጀርባው ላይ ገብቷል። ያኛውን አይውጠውም፣ ተመስገን።

ዛሬ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ኩሽና ውስጥ ሳለሁ በሩ ላይ መጥቶ ተቀመጠ። የሚሰጠው መድኃኒት አልነበረም። ከተሰበረው ድስት ሦስት ቁራጭ ጉበት አወጣሁለት። ሦስተኛውን በሌላ እጄ አፍንጫው ሥር ያዝኩለት።

እ_መርካቶ — መጋቢት 27፣ ቀን 6:00

አልሐምዱሊላህ! ጉበቱን ግን አሁን ቀንሺለት፣ ዶክተር ያሉትን አትርሺ። ድንቹን ልመጂው።